ለታገዱት የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ በራሳቸው ጥያቄ የተጻፈ ምስክርነት

ለተከበሩ የመጠለያ ጣቢያው የጤና አገልግሎት ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እንቅልፍ በደንብ ይወስድዎታል? ራስዎን የሚፈልጥ ሕመም፣ ዓይንዎ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር፣ ጫማ የሚያስጠብብ የእግር እብጠት የለብዎትም? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሦስት ምልክቶች የታዩበትን ሰው «እስቲ ለሁለት ቀን ቆይ» ማለት ምን እንደሚያስከትል በሙያዬ ስለማውቅ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው በቸልታ እንዳይጎዳብን ሰግቼ ነው። አንዱ እንኳ ከታየብዎ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የእርስዎ በር የማንንም ፊርማ አይጠብቅም።

ባለፈው ሳምንት ምክትልዎ ልብስ የምናጥብበት ቦታ ድረስ መጥተው፣ ጫማቸውን ውሃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆመው፣ «ኃላፊው አጣሪ ኮሚቴ ፊት ሊቀርቡ ነው። ለእናቶች ያደረጉትን ሁሉ ዘርዝረሽ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊላቸው። አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፤ ሴቶቹም ቃልሽን አይጥሉም» አሉኝ። እኔም እጄን ከአረፋው አውጥቼ «በደስታ» አልኳቸው። እንዲህ በቶሎ እሺ እላለሁ ብለው ስላልጠበቁ ከድንጋዩ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። እነሆ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ደብዳቤውን በእርስዎም በእኛም ቋንቋ ጽፌ አንዱን ቅጂ ለኮሚቴው ልኬአለሁ፣ አንዱን የጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌአለሁ፣ ሦስተኛው አሁን በእጅዎ ያለው ነው። መልካም ሥራ ተደብቆ መቅረት የለበትም።

ሰሌዳው ላይ ቆሞ ለሚያነብ እንግዳ ማንነቴን ላስረዳ። በአገሬ ለአሥራ አንድ ዓመት አዋላጅ ነበርኩ። እዚህ ስደርስ የምስክር ወረቀቴን ሳቀርብልዎ በሁለት ጣትዎ ይዘው መለሱልኝና «ይሄ እዚህ አይሠራም፤ ቋንቋ ግን ትችያለሽ» ብለው አስተርጓሚ አደረጉኝ። ለዚህ ሹመት እስከ ዛሬ አላመሰገንኩዎትም። ከምርመራ ክፍሉ በር ጀርባ አንዲት ወንበር ሰጥተውኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሴቶቹን ቃል ወደ እርስዎ፣ የእርስዎን ወደ ሴቶቹ ሳመላልስ ኖርኩ። መሐል የተቀመጠ ሰው ደግሞ የሁለቱንም ይሰማል።

እንግዲህ በጽሑፎችዎ «በወሊድ የዕድሜ ክልል የሚገኙ ሴቶች» እያሉ ለሚጠሩን ለእኛ ያደረጉልንን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በመካከላችን ስላሳደጉት መተሳሰብ አመሰግናለሁ። በእናቶች መጠበቂያው ያለው አንድ ለእናቱ ሽንት ቤት መቀርቀሪያው ከወለቀ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ስለዚህ ሆዷ የገፋ ሴትም ሆነች ደም እየፈሰሳት የመጣች ልጅ ብቻዋን መግባት አይሆንላትም ነበር፤ ከውጭ በሩን ይዛ የምትቆምላት ሌላ ሴት መለመን ነበረባት። በዚህ ሰበብ ስም የማይተዋወቁ ሴቶች የሥጋ ዘመድ ሆነዋል። መቀርቀሪያው እንዲገጠም አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቀንዎታል፤ እርስዎ ግን እንዲህ ያለውን ዝምድና በአንድ ቁራጭ ብረት ሊያፈርሱት አልፈለጉም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያው እደላ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ እየተጣራ፣ ወንዱ ሁሉ በሚሰማበት፣ ለአንድ ቤት ሁለት ፓኬት ያድላል፤ በቤቱ አንዲት አሮጊት ትኑር አምስት ኮረዳ፣ ሁለት ሁለት ነው፤ ፍትሕ ማለት ይህ ነው። አራት ሴት ልጆች ያሏት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ እርስዎ ዘንድ ገብታ «ጌታዬ፣ እኛ ቤት አምስት ሴት ነን፤ በተራ ነው የምንደማው?» ስትልዎ፣ እኔ አስተርጓሚዎ «ቁጥሩ ቢጨመር በማለት በትሕትና ትጠይቃለች» ብዬ ተረጎምኩልዎ። እርስዎም በትሕትና «ይታያል» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ወዲህ ልጆቿን በቁራጭ ጨርቅ ታኖራለች።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ «የኑሮ ጥራት ጥናት» የሚባል ሥራ አምጥተው፣ ከአሥራ አምስት እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ያለን ሴቶች በኑሯችን ምን ያህል እንደረካን ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንድንሰጥ አደረጉ። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ሴቶቹን የማነጋግርበት ክፍል ስላልተሰጠኝ ሰልፍ ላይ እንዳሉ፣ አማት ከኋላ ጆሮዋን አቁማ፣ ጎረቤት ከፊት ዞር ብላ እያየች ነበር የምጠይቃቸው። ልብስ ሰፊዋን በመልኳ ምን ያህል እንደምትረካ ስጠይቃት «መስታወት ካየሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ መስታወቱን አምጡና ከዚያ እንነጋገራለን» አለችኝ። ባሏ በመንገድ የጠፋባትን ሴት ከባሏ ጋር ባላት ግንኙነት ምን ያህል እንደምትረካ ልጠይቃት ግድ ነበር፤ ቀና ብላ አይታኝ «በሕይወት መኖሩን ንገሪኝና ልርካልሽ» አለች። አንዲት አራስ ደግሞ ስለ እንቅልፏ ስጠይቃት ቆማ እንዳለች አንቀላፋች።

ለእነዚህ መልሶች ከአምስት ስንት ይሰጣል? እኔ አንድና ሁለት እየጻፍኩ ሳመጣልዎ፣ እርስዎ ቅጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው «አንድና ሁለት ሲበዛ ጥያቄው አልገባቸውም ማለት ነው። ሲያመነቱ ሦስት በይው» አሉኝ። እኔም ሦስት አልኩት። በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ስሞታዬ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። እርስዎ አዘዙ፣ እስክሪብቶው ግን በእኔ እጅ ነበር። በዚያ እጅ ብዙ ሕፃን ተቀብዬበታለሁ፤ በዚያው እጅ የሴቶችን ዕንባ ሦስት ቁጥር አደረግሁት።

ከዚህ በኋላ ተራ ቁጥር አልሰጥም። የሚቀጥለው ነገር በቁጥር አይነገርም።

የወንድሜ ሚስት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መደዳው ሁሉ «ሳቂታ» እያለ ነው የሚጠራት፤ ውሃ ተራ ላይ ሰው ሲጣላ እሷን ከመሐል ቢያቆሟት ጠቡ ይበርዳል። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባት ወር ሆኗት ነበር። ከሠፈራችን ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሯ እየተመላለሰች፣ አንድም ቀን ሳታጓድል ስድስት ጊዜ ለክትትል መጥታለች፤ ስድስቱም ጊዜ ካርዷ ላይ ማኅተም ተመቶላታል። ወንድሜ ግንበኛ ነው፤ በዚያ ሰሞን በፈቃድ ወጥቶ ሩቅ ሥራ ላይ ነበር፤ ሲሄድም «አደራ፣ አንቺ አለሽ ብዬ ነው» ብሎኝ ነበር የሄደው።

አንድ ሰኞ ጠዋት መጥታ «እታለም፣ ዓይኔ ላይ ክብሪት እንደሚጭሩ ብልጭ ይልብኛል፤ ራሴንም ለሁለት ሊከፍለኝ ነው» አለችኝ። ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርገው ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። የጤና ጣቢያው የደም ግፊት መለኪያ ጎማው ተቀዶ ስለነበር በቁስል ፕላስተር ጠቅልዬ ለካኋት፤ ደግሜ ለካኋት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት ቁጥር አንድ አዋላጅ ስታየው ከወንበሯ የምትነሳበት ነው። ተነሥቼም ወደ እርስዎ መጣሁ። እርስዎ ለጥናቱ ውጤት በዓል የሚሰቀለውን ጨርቅ ቀለም እያማረጡ ነበር። ከተማው ሆስፒታል የምትተላለፍበትን ወረቀት እንዲፈርሙልኝ ለመንኩዎት።

«የሚወስነው የዝውውር ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል» አሉ።

እስከ ሐሙስ አትቆይም፣ ይጥላታል፣ እሷም ልጇም ያልቃሉ አልኩ። ጌታዬ፣ የመለሱልኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ምስክርነት ከሆነ አይቀር የተሟላ ይሁን። «አንቺ አስተርጓሚ ነሽ። በሽተኛዋ ያለችውን ተርጉሚልኝ እንጂ ምን እንዳመማት አትንገሪኝ። ደግሞ ስደተኛ ሴት ሁሉ ራሷን ያማታል።» ማክሰኞ ተመልሼ ስመጣ ደግሞ ስለ ወንበር ኪራይ ለመነጋገር ወጥተዋል ተባልኩ።

ረቡዕ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ የወንድሜ ሚስት ከውሃ ጀሪካኗ አጠገብ ወደቀች። ጥርሷ ገጠመ፣ ሰውነቷ ተገተረ፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣት ጀመር። በግራ ጎኗ አስተኝቻት አምቡላንስ ጥሩ ብዬ ጮኽኩ። አምቡላንሱ ግን አርባ ወንበርና አንድ ትልቅ ጨርቅ ሊያመጣ ከተማ ሄዶ ነበር። «የሴቶቻችን ኑሮ እየተሻሻለ ነው» የሚል ጨርቅ።

ያኔ የሠፈራችን ዳቦ ጋጋሪ የሚገፋውን ጋሪ እዚያው መንገድ ላይ ገልብጦ ዳቦውን አፈር ላይ አፈሰሰው፤ በባዶ የዱቄት ጆንያ ላይ አስተኛናት፤ ልብስ ሰፊዋና ሁለት ልጆቿ፣ እኔና ጋጋሪው እየገፋን የመጠለያው በር ደረስን። ዘበኛው እንደ ደንቡ «ወረቀት?» አለ። ወረቀት የለንም አልኩት። አፏ ላይ ያለውን አረፋ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «ወረቀቱን ስትመለሱ ታመጡታላችሁ» ብሎ ብረቱን አነሣ፤ አልፎም መንገድ ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ አትክልት የጫነ መኪና አስቆመልን። ሆስፒታል የገባነው በጎመን ላይ ተቀምጠን ነው።

ሐኪሟ እናቲቱን አተረፈቻት። ልጅቷ ግን አልተነፈሰችም። ሴት ነበረች፤ ጥፍሯ፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር የተሟላ። እኔው ራሴ አጥቤ ጠቀለልኳት፤ አዋላጅ መሆኔን ለማስረዳት የማንንም ማኅተም አልተጠየቅሁም። ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች «ሁለት ቀን ሙሉ የት ነበራችሁ?» አለችኝ። ወንድሜ ሲደርስ ደግሞ ምንም አልጠየቀኝም፤ እሱ ከሐኪሟም ባሰብኝ።

ከስምንት ቀን በኋላ ተመለስን። የወንድሜ ሚስት በግራ ዓይኗ እስከ ዛሬ ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልማርዎት እችል ነበር፤ እውነቴን ነው። ስንት ሰው ሰንፎ፣ ስንት ሰው ፈርቶ ነፍስ ያጠፋል። የማልምርዎት መሆኔን ያወቅሁት የእናቶችን መዝገብ ስከፍት ነው። በስሟ አንጻር በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ «እናት ክትትል አቋርጣ ቤት በመቆየቷ ጽንሱ ጠፍቷል» ይላል። ልጇን መቅበሯ አንሷት ጥፋተኛም እንድትሆን ፈረዱባት። ዘበኛውንም «ያለ ወረቀት ሰው አሳልፈሃል» ብለው ማስጠንቀቂያ እንደጻፉበት በዚያው ቀን ሰማሁ።

አልጮኽኩም። መዝገቡን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና «ቀጣይ» አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የናቁትም ያስረግዛል ይላሉ፤ እርስዎ በበሽተኛ ብዛት ይህን ተረት ለመስማት ጊዜ አላገኙም መሰለኝ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። የጥናቱን ውጤት ሊሰሙ የተጋበዙት ልዑካን መጡ፣ ጨርቁ ተሰቀለ፣ ወንበሮቹ ለእንግዶች ሆኑ፣ እኛ መሬት ተቀመጥን። እርስዎም ተነሥተው ሴቶቹ ለኑሯቸው ከአምስት ሦስት ነጥብ አራት እንደሰጡ፣ አልፎ አልፎ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ ሴቶቹ ክትትል ስለሚያቋርጡ እንደሆነ ተናገሩ። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለሴቶቹ «እንኳን ደኅና መጣችሁ እያሉ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። በዚያ ቀን ግን አንዲት ፊደል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ራሳቸው የሚባለውን ሴቶቹ ሲሰሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። አንዷ «ሦስት ነጥብ ስንት?» አለች። ልብስ ሰፊዋ አቧራዋን አራግፋ ተነሣች።

እሷ የተናገረችውን ለልዑካኑ እንዳለ አቀረብኩት፤ መቀርቀሪያውን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ በተራ መድማቱን፣ መስታወቱን። ቁጥሮቹን ሦስት ያደረግሁት እኔ መሆኔንም ጨመርኩ፤ ማን እንዳዘዘኝም። ያኔ እርስዎ ፈገግታዎ ሳይጠፋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «አሳጥረሽ ተርጉሚ፣ አለዚያ ነገ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ታገኛለሽ» አሉኝ። እኔም ያስተማሩኝን ሙያ አክብሬ ይህንኑ በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብዬ ተረጎምኩት። የልዑካኑ መሪ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ፣ እስክሪብቶአቸውን ያወጡት በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ የወንድሜ ሚስት ተነሣች። አልለመንኳትም፣ አላዘጋጀኋትም። ካርዷን ከብብቷ አውጥታ «ክትትል አቋረጠች የተባልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ካርዴ። እኔ በአንድ ዓይኔ ስድስት ማኅተም ይታየኛል፤ እናንተ በሁለት ዓይናችሁ ቁጠሩት» አለች። ሴትዮዋ ቆጠሩት። መዝገቡ ይምጣልኝ አሉ። እርስዎ ቁልፉ የለም አሉ። ምክትልዎ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አስታወሱ።

ከሦስት ቀን በኋላ ታገዱ። ዘበኛው ማስጠንቀቂያው ተነሥቶለታል። መቀርቀሪያውም ተገጥሟል፤ ከአራት ብሎን በላይ አልፈጀም። እርስዎ የተቀመጡበትን ወንበር ደግሞ ለጊዜው ከከተማ የመጣች አዋላጅ ይዛዋለች፤ ሴቶቹን የምታነጋግራቸው በሩን ዘግታ ነው። የሞተችው ግን አልተመለሰችም፤ የእናቷ ግራ ዓይንም አልበራም።

ደስ ብሎሻል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ ብሎኛል። ያ ጨርቅ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ፤ እርስዎ ዕቃዎን በካርቶን ይዘው ሲወጡም በሩ ላይ ነበርኩ፤ ከሥራ የቀረሁት ለዚያ ብዬ ነው። በቀል ነው ካሉኝም አልክድም፤ ከሐዘን ይልቅ እሱ ነው ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያነሣኝ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እኔ ምሳሬን ያነሣሁት ግን ግንዱ ቆሞ ሳለ ስለሆነ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው። የወንድሜ ሚስት ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «እታለም፣ አትሳደቢ፤ ያደረገውን ብቻ ጻፊ፤ እሱ ይበቃዋል» ስላለችኝ፣ ስድብ ሊወጣኝ ሲል ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀይሬአለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የጠየቁኝን ምስክርነት በዚሁ አበቃለሁ። ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ይህን ደብዳቤ ደጋግመው የሚያነቡበት ዕድሜ ይስጥዎት። ቤተሰብዎን፣ በተለይም ከአሥራ አምስት እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሚሆኑትን እናት፣ እህትና ልጅ፣ እንደ እርስዎ ካለ ኃላፊ ይጠብቅልዎ።

ከማይቋረጥ አክብሮትና ከማይረሳ ውለታ ጋር፣

በአገሯ አዋላጅ፣ በእርስዎ ዘመን አስተርጓሚ፣ የሳቂታ እታለም፤
ከስሬ አሻራቸውን ያኖሩት መቶ ሦስት ሴቶችም እጅ ይነሡዎታል።

ማስታወሻ፦ አጣሪ ኮሚቴው በሚሰማበት ዕለት የሴቶቹን ቃል ለኮሚቴው፣ የእርስዎን መከላከያ ደግሞ ለሴቶቹ እንድተረጉም ተመርጫለሁ። ምክትልዎ «ጉዳዩ ይመለከታታል» ብለው ቢቃወሙም፣ ኮሚቴው የምለውን ቃል በቃል የሚያመሳክር ሌላ አስተርጓሚ አጠገቤ አስቀምጦ ተቃውሞውን ውድቅ አድርጎታል። ስለዚህ እባክዎ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይናገሩ። ከሚሉት አንዲት ቃል እንኳ እንድታመልጠኝ አልፈልግም።